ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ፍሬ

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ያደግን ልጆች ሁሉ እንዶድን እናውቀዋለን። በአጥር ሥር ይበቅላል፤ ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ ሳሙና ሳይበዛ በፊት ጋቢውና ነጠላው ይነጣ የነበረው በርሱ ነው። እኛ ይህን እያየን አድገን ከልብስ ማጠቢያነቱ በቀር ሌላ ነገር አልጠየቅንም። ሌላ ነገር የጠየቁ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ግን ነበሩ። እርሳቸውም ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የርሳቸውን ታሪክ በአጭሩ ለመጻፍ ወደድን።

ዶክተር አክሊሉ ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ አገር ተከታትለው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። ወደ አገራቸውም ተመልሰው ሰውን ስለሚያጠቁ ጥገኛ ተሕዋስያን መመራመር ጀመሩ። በ1964 (የዓመቱ ቍጥር ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ።

ቢልሃርዝያ ከትንሽ ትል የሚመጣ ሕመም ነው። ትሉ አስቀድሞ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ያድጋል፤ ከዚያም ወጥቶ ሲዋኝ ወይም ልብስ ሲያጥብ ያገኘውን ሰው ቆዳውን በስቶ ይገባበታል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከሌለ በሽታው መንገዱ ይዘጋበታል ማለት ነው።

ዶክተር አክሊሉ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሲመላለሱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች እንዳሉ አስተዋሉ። በሕይወት ያሉትን ወስደው የእንዶድ አረፋ ቢጨምሩባቸው እነዚያም ሞቱ። ያን አረፋ ወደ ወንዝ ሲፈስ ስንቱ ሰው አይቶታል! ምክንያቱን የጠየቁት ግን እርሳቸው ሆኑ።

በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስም በዓድዋ እንዶድን በወንዞቹ ላይ ፈተኑ። ከፈተናው በፊት ከስድስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 50 ያህሉ በሽታው ነበረባቸው፤ በኋላ ግን ወደ 7 ወረደ። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የእንዶድን ዝርያዎች ሰብስበው ሲያወዳድሩ ዓይነት 44 የተባለውን ከሁሉ ብርቱ ሆኖ አገኙት።

ይሁን እንጂ ሥራቸው በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። እንዶድ በሰፊው ከመሰራጨቱ በፊት በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች ደንብ እንደገና እንዲመረመር ተጠየቀ፤ ለዚህም የሚሆነው ገንዘብ ሳይገኝ ብዙ ዓመት አለፈ። ዶክተር አክሊሉ የአፍሪካን ምርምር የሚያሰናክለው የመሣሪያና የገንዘብ እጦት ብቻ ሳይሆን የአፍሪካን ሊቃውንት አሳንሶ ማየትም ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሆኖም ተስፋ አልቈረጡም። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የዓለም ሽልማት ተቀበሉ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም አገልግለው በ1997 ዐረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳን የዛሬው የሕክምና መሣሪያ ነው። ቢልሃርዝያ ተደብቆ የሚጐዳ በሽታ ነው። የትሉ እንቍላሎች በጉበት ውስጥ ተቀብረው የደም ሥሮቹን ዙሪያ ያወፍራሉ፤ ደሙ መተላለፊያ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል። አንዳንድ ጊዜም እንቍላሎቹ እስከ ሳንባ ደርሰው ደምን ወደ ሳንባ የሚገፋውን የቀኙን የልብ ክፍል ያደክማሉ። በቀድሞ ዘመን ጕዳቱ የሚታወቀው ሆድ ሲነፋ ወይም ደም ሲያስተፋ ነበር። ዛሬ ግን አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ ብቻ፥ ያለ ቢላዋና ያለ ሕመም፥ የጉበቱን ጠባሳና የልቡን መድከም በሽተኛው ገና ቆሞ ሲሄድ ለሐኪሙ ያሳያል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒትም ትሉን ይገድላል።

ነገር ግን መሣሪያው የደረሰውን ጕዳት ያሳያል እንጂ እንዳይደርስ አያደርግም፤ መድኃኒቱን የዋጠ ልጅም ወደዚያው ውሃ ከተመለሰ ትሉ እንደገና ይገባበታል። ስለዚህ በሽታውን ከውሃው ለመከልከል ዶክተር አክሊሉ የጀመሩት ሥራ ዛሬም አልተፈጸመም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ደጋው ብርድ ስለ ሆነ ትሉ አይመቸውም፤ ነገር ግን ቢልሃርዝያ በጣና ዙሪያና በፎገራ ሜዳ ይገኛል፤ ከአገራችንም ለሥራ ወደዚያ የሚወርድ ሰው አለ። ከዚያ ተመልሶ ሆዱን የሚያመው ሁሉ የት ውሃ ውስጥ እንደ ገባ ለሐኪም ይንገር። እንዶድን ግን ማንም በገዛ ፈቃዱ ወንዝ ውስጥ አይጨምር፤ ዓሣንም ይገድላልና።

የትምህርት ቤት ጓደኞቻችን ሆይ! ዶክተር አክሊሉ ያን ነገር ያገኙት እናቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው። እኛም በየአጥራችንና በየወንዛችን ዳር የምናየውን ሁሉ ለምን ብለን እንጠይቅ።