ጄፍሪ ባዋ፦ የሸክላው ጣሪያና የካንዳላማ ገደል

የሴሎኑ አርክቴክት ጄፍሪ ባዋ ወደ ሙያው የገባው ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቹ ስም ባተረፉበት ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በኮሎምቦ ከአንድ ባለጸጋ ጠበቃ ተወለደ፤ በካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ፣ በለንደን ሕግ አጥንቶ የአባቱን ሥራ ያዘ፤ አልወደደውም። በ1948 ከቤንቶታ አጠገብ ሉኑጋንጋ የተባለውን የጎማ ተክል ርስት ገዝቶ አትክልት ስፍራ ሊያደርገው ሲነሣ፣ ያሰበውን ለማቆም ዕውቀቱ እንደማይበቃ ተረዳ። ስለዚህም በኮሎምቦ በአንድ የንድፍ ቢሮ በተለማማጅነት ገባ፤ ቀጥሎም ወደ ለንደን ተመልሶ በ1957፣ በ38 ዓመቱ፣ በአርክቴክትነት ተመረቀ።

ጊዜው ለግንባታ የማይመች ነበር። በ1960ዎቹ የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ተመናምኖ ብረትና መስታወት ማስገባት ተገደበ። በአውሮፓ የተማረው ነጭ ግድግዳና ጠፍጣፋ ጣሪያም የደሴቲቱን ዝናብ አልቻለም፤ ቶሎ ይሻግት ነበር። ከ1960 እስከ 1962 ለሠዓሊዋ ኤና ዴ ሲልቫ በኮሎምቦ የሠራው ቤት ለሁለቱም ችግሮች መልስ ሰጠ፦ ክፍሎቹ ሰማይ የሚታይበትን ሰፊ ግቢ ይከባሉ፤ ነፋሱ ከግቢው ይገባል፤ ረጅሙ የጣሪያ ክፈፍ ዝናቡን ከግድግዳው ያርቃል።

ስለ ጣሪያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገሩ ለዘመናት የታወቀው ግማሽ ክብ ሸክላ ሙቀት ይከላከላል፤ ነገር ግን ነፋስና ወፍ ሲያንሸራትተው ያፈሳል፤ እየተነሣ መደርደርም ይፈልጋል። ባዋና ባልደረቦቹ ከሥሩ ሞገድ ቅርጽ ያለው የሲሚንቶ ክዳን አኖሩ፤ ሸክላው በሞገዱ ላይ ተደገፈ። ውኃውን ክዳኑ፣ ፀሐዩን ሸክላው ተካፈሉት። የዚያን ዘመን ክዳን አስቤስቶስ ያለበት በመሆኑ ዛሬ በሌላ መተካት አለበት፤ ሥራን የማከፋፈሉ ሐሳብ ግን እንደጸና ነው። ባዋን ከባህል ቅርጽ ኮራጆች የሚለየውም ይኸው ነው፤ የቀደምቱን ቅርጽ ከመውሰዱ በፊት ቅርጹ ምን ይሠራ እንደነበር ይመረምራል።

በ1969 የተፈጸመው የቤንቶታ ቢች ሆቴል ይህንኑ ዘዴ ወደ ትልቅ ሕንፃ አሻገረ። በ1967 የሥራ ሸሪኩ የሆነው መሐንዲስ ፑሎጋሱንድራም እዚህ ላይ ሊዘነጋ አይገባም። ባዋ ብዙውን ነገር በግንባታው ቦታ ቆሞ የሚወስንና የሚለውጥ ሰው ነበርና፣ ስሌቱንና የሥራውን ሥርዓት የሚይዝ ሰው ባይኖረው ኖሮ ስንቱ ሐሳብ በወረቀት ላይ በቀረ ነበር።

ከባዱ ፈተና በሰባ ሁለት ዓመቱ መጣ። በ1991 ባለሀብቶች ከጥንታዊው የሲጊሪያ አምባ ግርጌ ሆቴል ሊያሠሩ አስበው ጠሩት። እርሱ አካባቢውን በሄሊኮፕተር ቃኝቶ ከዚያ ርቆ ከካንዳላማ የውኃ ማጠራቀሚያ በላይ ያለውን ድንጋያማ ገደል መረጠ፤ እንግዳው አምባውን ከሩቅ ይየው ሲል። መነኮሳትና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ለውኃውና ለስፍራው ክብር የነበራቸው ሥጋት የሚናቅ አልነበረም። የባዋ ምላሽ በንድፉ ውስጥ ይነበባል፦ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ቀጭን ሕንፃ የገደሉን ጥምዝ ይከተላል፤ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በሥሩ እንዲያልፍ በምሰሶዎች ላይ ቆሟል፤ ጣሪያው አፈር ለብሶ ተተክሎበታል፤ ከፊት ለፊቱ ባለው የእንጨት መዋቅር ላይ ሐረግ ወጥቶ ሕንፃውን ከሐይቁ ማዶ ለሚያየው ሰው ሰውሮታል። ሆቴሉ በ1994 ተከፈተ፤ በ2000 ሊድ የተባለውን የአካባቢ ጥበቃ ምስክር ወረቀት አገኘ። ወረቀቱ ክርክሩን ሁሉ አይዘጋም፤ ከ150 የሚበልጥ ክፍል ያለው ሆቴል የትም ቢቆም ውኃና መንገድ ይፈልጋልና።

ባዋ በ1998 ታሞ ከሥራ ተለየ፤ በ2003 ዐረፈ። ከሞተ በኋላ የኤና ዴ ሲልቫ ቤት ቦታ ለሌላ ግንባታ ተፈለገ። ቤቱ ድንጋዩና እንጨቱ አንድ በአንድ እየተነቀለ ወደ ሉኑጋንጋ ተጓጉዞ እንደገና ቆመ፤ በ2016ም በርስቱ ላይ ላለው ሆቴል ተጨማሪ የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ ተከፈተ።