ኤድዋርድ ሩፔልና እግረ ነጯ የዱር አይጥ

ዋልያንና ጭላዳን የማያውቅ ተማሪ በአገራችን አይገኝም። የሳይንስ መጻሕፍት ለእነዚህ አራዊት የሚሰጧቸው የላቲን ስሞች ግን ከአገሬው አጠራር የተወሰዱ መሆናቸውን ያስተዋለ ጥቂት ነው። በ1835 ዓ. ም. ስሞቹን ጽፎ ለዓለም ሊቃውንት ያስታወቀው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ዛሬ ስለ ሩፔል ለመጻፍ የተነሣነው ግን በዋልያውና በጭላዳው ምክንያት አይደለም፤ ማንም ልብ ስለማይላት ስለ አንዲት የዱር አይጥ ብለን ነው። የዚህ ሰው የሥራ ጠባይ ከታላላቆቹ አራዊት ይልቅ በእርሷ ታሪክ ጐልቶ ይታያልና።

ሩፔል በኖቬምበር 20 ቀን 1794 ዓ. ም. ከባለጸጋ የባንክ ሰው ተወለደ። ለነጋዴነት ታስቦ ሳለ በ1817 ዓ. ም. የሲናን በረሓ ጐበኘና ልቡ ወደ ተፈጥሮ ምርምር አዘነበለ። ወደ ኢጣልያ ሄዶ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የእጽዋትንና የእንስሳትን ትምህርት ተከታተለ። ከዚያም እስከ 1827 ዓ. ም. ድረስ በኑብያ፥ በኮርዶፋንና በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲዘዋወር ቈየ። ሀብት የወረሰ ሰው ሁሉ ገንዘቡን በዚህ ዓይነት መንገድ ቢያወጣ ኖሮ ብለን ሳንመኝ አልቀረንም።

ምጽዋ የደረሰው በ1831 ዓ. ም. ነበር። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው፤ የትግሬው ገዢ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በዚያው ዓመት በደብረ ዐባይ ጦርነት ተሸንፈው ሞተዋል፤ መንገዱም ለነጋዴ እንኳ የሚያሰጋ ሆኗል። ሩፔል ግን ትግሬን አቋርጦ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጣ፤ ወደ ጐንደርም ዘለቀ። በመንገዱ የተራሮቹን ከፍታ እየለካ፥ የአራዊቱን ቆዳና የራስ ቅል እያዘጋጀ፥ የግእዝ መጻሕፍትንም እየሰበሰበ በ1834 ዓ. ም. ወደ አውሮፓ ተመለሰ። የሎንዶን የንጉሥ ጂኦግራፊ ማኅበር በ1839 ዓ. ም. የወርቅ ኒሻን ሸለመው፤ ከውጭ አገር ሰዎች መካከል ይህን ኒሻን ለመቀበል የመጀመሪያው እርሱ ነበር።

በ1842 ዓ. ም. ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ አይጦችና ስለ መሰሎቻቸው አንድ ጽሑፍ አወጣ። ከዘረዘራቸው አንዷ እግሯና ሆዷ የነጣ፥ ጅራቷ የረዘመ የደን አይጥ ናት። ሙስ አልቢፔስ አላት፤ አልቢፔስ ማለት በላቲን እግረ ነጭ ማለት ነው። ይህች አይጥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች በቀር የትም አትገኝም። ሙስ የተባለው የወገን ስም ግን በዚያን ጊዜ ያገኙትን አይጥ ሁሉ የሚጨምሩበት ስልቻ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ጥርሷን ቈጥረው፥ የራስ ቅሏን ለክተው፥ ጠጕሯን መርምረው ወገኗን ደጋግመው ለወጡ። አንዱ ራቱስ፥ ሌላው ፕራኦሚስ፥ ሌላው ማዮሚስ ብሎ መዘገባት። የተቸገሩበት ምክንያት የሚያስገርም አይደለም። ዘመድ ያልሆኑ እንስሳት በአንድ ዓይነት ኑሮ ሲመሳሰሉ፥ ዘመዳሞቹ ደግሞ በልዩ ልዩ አገር ሲኖሩ መልካቸው ይራራቃል። በ1914 ዓ. ም. በአርሲ ተራሮች ከተገኘች አይጥ የተነሣ ስቴኖሴፋሌሚስ የሚባል አዲስ ወገን ተመሥርቶ ነበር፤ ትርጓሜው ጠባብ ራስ ያላት አይጥ ነው። ያችኛዋ ዛፍ በሌለበት ብርዳም ሜዳ የምትኖር፥ ጠጕሯ የረዘመ ናት። የጫካዋ እግረ ነጭ የእርሷ የቅርብ ዘመድ ትሆናለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ነገሩ የተገለጠው በ2000ዎቹ መጀመሪያ፥ ከወላጅ የሚወረሰው ዲ ኤን ኤ በተመረመረ ጊዜ ነው። እግረ ነጯም ወደ ስቴኖሴፋሌሚስ ተዛወረች። ሆኖም ዲ ኤን ኤ ብቻውን ሁሉን ይፈርዳል የሚል ወጣት ቢኖር እንዳይቸኩል እናሳስበዋለን። በ2018 ዓ. ም. የወጣ ምርመራ ከእናት ብቻ የሚወረሰው የዲ ኤን ኤ ክፍል ከቀረው ክፍል ጋር እንደማይስማማ አሳየ፤ በጥንት ዘመን ዓይነቶቹ እርስ በርሳቸው ተዳቅለው ነበርና። በ2020 ዓ. ም. መርማሪዎቹ የራስ ቅሉን ልክና ዲ ኤን ኤውን አስተባብረው ከጫካው እስከ ተራራው ጫፍ ስድስት ዓይነት መኖሩን ወሰኑ፤ ከእነዚህም ሁለቱ ስም ያልነበራቸው ናቸው። ሩፔል ቆዳና አጥንት ይዞ የጀመረው መለኪያ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ አልፎም አልተጣለም።

ሩፔል የአይጢቱን ወገን አላገኘውም፤ ለዚህ የምንወቅሰው አይደለንም። እግረ ነጯ ግን ራሷን የቻለች ዓይነት መሆኗን ለይቶ አውቋል፤ ያመጣቸውንም አራዊት በከተማው በሚገኘው በዜንከንበርግ ሙዚየም አኑሯቸው ስለ ነበር ተከታዮቹ ቃሉን ከማመን ይልቅ አጥንቱን ማየት ችለዋል።

በሽምግልናው ዘመን ጥንታዊ ገንዘቦችን መመርመር ያዘ፤ በዲሴምበር 10 ቀን 1884 ዓ. ም. በ90 ዓመቱ ሞተ። በእንስሳት ሊቃውንት ሕግ መሠረት አንድ ዓይነት ወገኑ ቢለወጥም መጀመሪያ የተሰጠው ስም ይከተለዋል፤ የሰያሚው ስም ግን በቅንፍ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዛሬ በመጻሕፍት ስቴኖሴፋሌሚስ አልቢፔስ ተብሎ ይጻፍና (ሩፔል፥ 1842) የሚል ይከተለዋል።