ከዙፋን የወረደው ንጉሠ ነገሥት

የወደቁ ነገሥታትን ሕይወት የሚያሳዩ ታላላቅ የታሪክ ፊልሞች ሲወጡ፣ ተመልካች አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቀው የቤተ መንግሥቱን ጌጥ፣ የሠራዊቱን ብዛትና የዘውዱን ግርማ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ዘውዱ ከወረደ በኋላ ያለው ነው። ለዚህም ምሳሌ የሚሆነን የቻይና የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት የፑ ዪ ታሪክ ነው። ጣሊያናዊው ቤርናርዶ ቤርቶሉቺ ይህን ታሪክ በ1987 ዓ.ም. በፊልም አውጥቶት፣ በሚከተለው ዓመት ዘጠኝ የኦስካር ሽልማት አግኝቶበታል። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መጻፋችንን አንባብያን ይወቁልን።

ፑ ዪ በ1906 ዓ.ም. በፔኪንግ ተወለደ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላውም በ1908 ዓ.ም. በዙፋን ላይ ተቀመጠ። በ1912 ዓ.ም. መንግሥቱ ፈርሶ ሪፐብሊክ ቢታወጅም፣ እስከ 1924 ዓ.ም. በግቢው ውስጥ ኖረ። የራሱን ጫማ ማሰር እንኳ ሳይለምድ አደገ፤ የሚያገለግሉትንም በጥቂት ጥፋት ያስገርፍ ነበር። ከግቢው ከተባረረ በኋላ የጠፋውን ዘውድ ለማግኘት ሲል ከጃፓኖች ጋር ተስማማ። እነርሱም ማንቹሪያን ይዘው በ1932 ዓ.ም. የአገሩ አስተዳዳሪ፣ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት አሉት። ስሙ የንጉሥ ሆነ እንጂ ሥልጣኑ የጃፓን ጦር ነበር፤ መከራውንም የተቀበለው ሕዝቡ ነው።

በ1945 ዓ.ም. ጃፓን ስትሸነፍ በሶቪየት ወታደሮች እጅ ወደቀ። በሚከተለው ዓመት በቶኪዮ የጦር ወንጀል ችሎት ምስክር ሆኖ ቀረበና፣ ሁሉን ያደረገው ተገድዶ እንደ ሆነ ተናገረ፤ ለጃፓኑ የጦር ሚኒስትር ራሱ የጻፈውን ደብዳቤም የእርሱ አለመሆኑን ተናግሮ ካደ። በ1950 ዓ.ም. ለቻይና ተሰጥቶ እስከ 1959 ዓ.ም. ድረስ በእስር ቤት ቈየ። ፊልሙም ትረካውን የሚጀምረው እስረኛ ሆኖ ወደ አገሩ ከተመለሰበት ቀን ነው። በምሕረት ከተፈታ በኋላ በፔኪንግ የዕፀዋት ቦታ አትክልተኛ ሆኖ ሠራ። በ1964 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩም በቶኪዮ የራሱን ጥፋት እንደ ሰወረና የካደው ደብዳቤ የእርሱ እንደ ነበረ አመነ። በ1967 ዓ.ም. በ61 ዓመቱ ዐረፈ።

መጽሐፉ መነሻው በእስር ቤት የተጻፈ የጥፋት ዝርዝር ስለ ሆነ፣ ሌላ ሰውም በዝግጅቱ ስለ ረዳው፣ ኑዛዜው ከፍርሃት ነው ወይስ ከልብ የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሰውን ልብ መመዘን የእኛ ሥልጣን አይደለም። ነገር ግን ሰው በሌላው ላይ የጫነውን በደል መልሶ ለራሱ መውሰዱ፣ ጠፍቶ የነበረ ዘውድን ከማስመለስ ይልቅ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ፊልም ስንመለከት ዓይናችን በወርቁ ላይ ብቻ አይቅር፤ እኛም በሌላው ያላከክነው ጥፋት እንዳለን ራሳችንን እንመርምር።