የኛ ክረምት በጊልበርት ዎከር መዝገብ ውስጥ

ለመስቀል እምድብር የገባ ሰው፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማው የክረምቱን ወሬ ነው። ዘነበ፣ ዘገየ፣ ቶሎ ወጣ። እንሰት ድርቅ ይችላል፤ ጤፍና በቆሎ ግን የእሱን ያህል አይችሉም። የ2007 ዓ.ም ክረምት ሲከዳን በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ኤልኒኖ የምትለዋን ቃል ብዙዎቻችን የለመድናት ያኔ ነው።

ከቃሏ ጀርባ አንድ ሰውዬ አለ። ጊልበርት ዎከር እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዝ ውስጥ ሮችዴል ተወለደ። ካምብሪጅ ሒሳብ ተምሮ በ1889 ከእኩዮቹ አንደኛ ወጣ። ትርፍ ሰዓቱን ሜዳ ላይ ቡመራንግ ሲወረውር ያሳልፍ ስለነበር ቅጽል ስሙም ይኸው ሆነ። ፍሉትም ይወዳል። ስለ አየር ጠባይ ግን የተማረው ነገር አልነበረም።

እንዲህ ያለው ሰው በ1904 የህንድ ሜትሮሎጂ ኃላፊ ተደረገ። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1899፣ የህንድ ዝናብ ቀርቶ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አልቋል። የሚጠበቅበት አንድ ነገር ነው፦ የሚቀጥለው ክረምት ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?

ኮምፒውተር የለም። ህንዳውያን ጸሐፊዎችን አስቀምጦ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ የአየር ግፊት፣ የሙቀትና የዝናብ ቁጥር ለዓመታት በእጅ አሰላ። ከመዝገቦቹ አንዱ የዓባይ ጎርፍ ነበር። ግብጽ ላይ ዓባይን የሚሞላው የማን ክረምት እንደሆነ መቼም አልነግራችሁም።

ከዚያ የቁጥር ክምር ውስጥ ሚዛን የሚመስል ነገር ብቅ አለ። በምሥራቅ ፓስፊክ የአየር ግፊት ሲጨምር በህንድ ውቅያኖስ በኩል ይቀንሳል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ይገለበጣል። ወደ ሰሜን ዋልታ ጠጋ ብሎም በአይስላንድና በአዞርስ መካከል ሌላ ሚዛን አገኘ።

ምክንያቱን ግን ማስረዳት አልቻለም፤ ብዙዎችም አላመኑትም። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ሙግት ያውቀዋል፤ ሁለት ነገር አብሮ ስለሄደ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። እኔ ራሴ የዩል-ዎከርን እኩልታ ለፈተና ሸምድጄ፣ ዎከር ይኸው ሰውዬ መሆኑን ያወቅኩት ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ህንድ የሄደበት ትንበያም እንዳሰበው አልሰመረለትም። በ1924 ወደ አገሩ ተመልሶ ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ አስተማረ፤ በ1958 በ90 ዓመቱ ሞተ።

መልሱ የመጣው በ1969 ነው። ያኮብ ብየርክነስ የተባለ ሳይንቲስት የዎከርን ሚዛን ከፓስፊክ ውኃ ሙቀት ጋር አገናኘው። በደህናው ጊዜ ነፋሱ ሞቃቱን ውኃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋል። ነፋሱ ሲደክም ሙቀቱ ወደ ደቡብ አሜሪካ ይመለሳል፤ ኤልኒኖ የሚባለው ይኸ ነው። ያኔ ዝናብ የሚያመጣልን የአየር ዝውውር ይዳከማል፤ በተለይ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት ይሳሳል። የፓስፊኩን የአየር ዝውውር ብየርክነስ በዎከር ስም ጠራው፤ ዎከር ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል።

የእምድብር ዝናብ ግን ዓባይ አይገባም። በዋቤ አድርጎ ወደ ግቤ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ በሰውዬው መዝገብ ውስጥ የጎጃምና የወሎ ዝናብ እንጂ የኛ የለበትም።