ገበያን ያመነ፣ ምርጫን የተጠራጠረ፦ የፍሬድሪክ ሃየክ ሕይወት

ኒዮሊበራሊዝም የሚለው ቃል በአገራችን በይበልጥ የተሰማው በኢሕአዴግ ዘመን፣ የልማታዊ መንግሥት አስተሳሰብ ተጻራሪ ሆኖ ነው። ይህ ጽሑፍ ከአስተሳሰቡ ዋነኛ ጠንሳሾች አንዱ የሆነውን የፍሬድሪክ ሃየክን ሕይወት ይቃኛል፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃየክ በ1899 በቪየና ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር ተሰልፎ ሲመለስ የጠበቀው የፈረሰ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥትና ዋጋው የሚያሽቆለቁል ገንዘብ ነበር። በ1921 በሕግ የዶክትሬት ዲግሪውን አግኝቶ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቀጠር 5,000 ክሮነን የነበረው ወርኃዊ ደመወዙ በቀጣዩ ዓመት አጋማሽ 1 ሚሊዮን ደረሰ። የገንዘብን ማተሚያ የያዘ መንግሥት ምን ሊያደርግ እንደሚችል የተማረው ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም።

በ1931 ወደ ለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተሻገረ። በዚያ ከኬይንስ ጋር ያደረገው ክርክር ብዙ ስለተጻፈበት አንዘገይበትም። ለርእሳችን የሚበልጠው በ1945 ስለ ዕውቀት ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ቲን የተባለው ማዕድን በአንድ የዓለም ጥግ ቢያጥር፣ በሌላው ጥግ ያለ አምራች የእጥረቱን ምክንያት ሳያውቅ፣ የዋጋውን መናር ብቻ አይቶ መቆጠብ ይጀምራል። በሚሊዮኖች ዘንድ የተበተነውን እንዲህ ያለ ዕውቀት የትኛውም የዕቅድ ኮሚሽን ሊሰበስበው አይችልም፤ ዋጋ ግን ያስተላልፈዋል። በ1968 ባቀረበው ንግግር ውድድር አስቀድሞ ያልታወቀን ነገር የማግኛ መንገድ መሆኑን አስረዳ፤ የተሻለው ማን እንደሆነ ቀድሞ ቢታወቅማ መወዳደር ባላስፈለገ ነበር።

ሐሳብም አደራጅ እንደሚሻ ሃየክ ያውቅ ነበር። በ1947 በስዊዘርላንድ፣ በሞን ፔለራን፣ 39 ሰዎች የተገኙበትን ስብሰባ ጠርቶ በዚያው ስም የሚጠራውን ማኅበር መሠረተ። አንቶኒ ፊሸር የተባለ እንግሊዛዊ ፖለቲካ ውስጥ ልግባ ብሎ ሲያማክረው፣ ይልቅስ የምርምር ተቋም እንዲያቋቁም መከረው። በ1955 የቆመው ይህ ተቋም ኋላ ለታቸር ፖሊሲዎች መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆነ። በ1974 ሃየክ ከሐሳብ ባላንጣው ከጉናር ሚርዳል ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

አስቸጋሪው ጉዳይ የሚመጣው ከገበያ ወደ ፖለቲካ ስንሻገር ነው። ሃየክ በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ዴሞክራሲ የሕዝብ አስተያየት የሚፈጠርበት ሂደት መሆኑን ተቀብሎ ነበር። በ1979 በተጠናቀቀው ባለ ሦስት ቅጽ ሥራው ግን የሕግ አውጪው ምክር ቤት አባላት ለ15 ዓመት እንዲመረጡ፣ ዜጋም ለዚህ ምክር ቤት በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ 45 ዓመት ሲሞላው ብቻ፣ ድምፅ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። ፓርቲዎች ድምፅ ለማግኘት ሲሉ ለየቡድኑ ጥቅም ያድላሉ፣ ገበያውም ይታፈናል የሚል ስጋት ነበረው። ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ይሁንና የነጋዴዎች ፉክክር ዕውቀት ያፈልቃል ያለ ሊቅ የፓርቲዎችን ፉክክር በዚህ መጠን ማጥበቡ፣ በእኔ እይታ፣ የገዛ ንድፈ ሐሳቡን ያደክመዋል።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ1977 ቺሊን ጎብኝቶ ጄኔራል ፒኖቼን አነጋገረ። በ1981 ደግሞ ለኤል ሜርኩሪዮ ጋዜጣ በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ሊበራሊዝም ከጎደለው ዴሞክራሲ ይልቅ ሊበራል አምባገነንን እንደሚመርጥ ገለጸ። የቺሊ ምክር ቤት ያኔ ከተዘጋ ስምንተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

ሃየክ በ1992 በጀርመን፣ በፍራይቡርግ፣ አርፎ በትውልድ ከተማው በቪየና ተቀበረ። የቺሊ ምክር ቤት ዳግም የተከፈተው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።