ራስ ተፈሪ መኰንንና የኅዳር በሽታ

ተፈሪ መኰንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ ገና በሕፃንነታቸው፣ አባታቸው ልዑል ራስ መኰንንም በ1898 ዓ.ም. ዐረፉባቸው። በ1902 ዓ.ም. የሐረርጌ ገዥ፣ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ፤ ሕዝቡም የኅዳር በሽታ ብሎ ሰየመው። ወረርሽኙ እንደ ወትሮው ጉንፋን ደካማ ሽማግሌንና ሕፃንን ብቻ የሚጎዳ አልነበረም፤ ጕልማሳውንም በብዛት ይጥል ነበር። አልጋ ወራሹ በጽኑ ታመው ሲተኙ ዕድሜያቸው 26 ነበር። የሰገሌ ጦርነት ካለፈ ገና ሁለት ዓመቱ ሲሆን፣ ከሥልጣን የወረዱት ልጅ ኢያሱም አልተያዙም ነበር። ስለዚህ የአንድ ሕመምተኛ ትንፋሽ የመንግሥትም ጉዳይ ሆኖ ነበር።

ሕመሙ በትኵሳትና በሳል ይጀምራል። በከፋ ጊዜ ቫይረሱ የሳንባን ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ያቈስላል፤ ብዙ ጊዜም ባክቴሪያ ተከትሎ የሳንባ ምች ያስከትላል። ከረጢቶቹ በፈሳሽ ሲሞሉ ኦክሲጅን ወደ ደም መግባት ይሳነዋል፤ ከንፈር ይጠቁራል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ በመጨረሻም ሳንባ ሥራውን ያቋርጣል። በዚያን ዘመን ፔኒሲሊን አልተገኘም፤ የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያም አልነበረም። በከተማው የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች ከማስተኛት፣ ከማጠጣትና ከመጠበቅ በቀር ብዙ የሚያደርጉት አልነበራቸውም።

ራስ ተፈሪ ከሞት ተረፉ። በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው፣ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከዐሥር ሺሕ የሚበልጥ ሰው ማለቁን መዝግበዋል። ከሕመሙ ከተነሡ በኋላ፣ ገና ዘውድ ሳይጭኑ፣ ዛሬ የካቲት 12 የሚባለውን የቤተ ሳይዳ ሆስፒታል አቋቋሙ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። በዘመነ መንግሥታቸው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተመሠረተ፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ተከፈተ። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዙፋናቸው ወርደው፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ሳንባን የሚያደክም ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና የቦሌው ሚሌኒየም አዳራሽ ለሕሙማን ተለዩ። በዚህ ጊዜ ኦክሲጅንና የመተንፈሻ መሣሪያ ነበሩ፤ ጭንቀቱ ለሁሉም ይዳረሱ እንደሆነ ነበር።

የቀድሞው መቅሠፍት ግን ከሕዝቡ ልቡና አልጠፋም። ኅዳር 12 ቀን በቦሌ ሚካኤል የመልአኩ ዓመታዊ በዓል ሲከበር፣ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ይህም ልማድ ከዚያ ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ይነገራል። መጥረጉ ደግ ነው። ጢሱ ግን አስም ያለበትንና ሳንባው የደከመውን ሰው ይጎዳልና፣ የጤና ባለሙያ መታሰቢያው ያለ እሳት እንዲከበር ጎረቤቱን ሊመክር ይገባዋል።