ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ የአገራቸውን ቋንቋ በጉልምስና የተማሩ አባት

በዚህ እትም ታሪካቸውን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ነው። ብዙዎቻችን በሐኪምነታቸውና በመልእክተኛነታቸው እናውቃቸዋለን። እኛ ዛሬ የምናወሳቸው ግን በሕፃንነታቸው የጠፋባቸውን ቋንቋ ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ የተማሩ ሰው በመሆናቸው ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲያርፉ፣ ሕፃኑ ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። ቻርልስ ቻምበርሌን የተባለ ኮሎኔል ወደ ህንድ ይዞት ሄደ፤ እርሱም ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም የወጣላቸው ከነዚሁ ከሁለቱ ነው። በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ፤ በስኮትላንድም ዕውቀታቸውን አዳበሩ፤ በበርማም በመንግሥት ሐኪምነት አገለገሉ። ሙያና ማዕረግ አልጐደላቸውም፤ አማርኛው ግን ጠፍቶባቸው ነበር።

ከዐድዋ ድል በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ አገራቸውን ፈልገው አዲስ አበባ ገቡ። አያታቸውም በልጅነት የቀረባቸውን ጠባሳ አይተው የልጃቸው ልጅ መሆናቸውን ለዩ። ሆኖም በአያትና በልጅ ልጅ መካከል አስተርጓሚ መቆም ነበረበት። ዮሴፍ በግብፅ ወንድሞቹን በአስተርጓሚ ያነጋገረው ማንነቱን ሊሰውር ፈልጎ ነው፤ ሐኪም ወርቅነህ ግን ሊገለጡ እየፈለጉ ቃል አጡ። ደሙ ተገኝቶ አንደበቱ የጠፋበት ሰው ኀዘን ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ እንረዳለን።

እርሳቸው ግን በኀዘኑ ብቻ አልቀሩም። የልደት ስማቸውን መልሰው ያዙ፤ የሠለጠኑ ሐኪም ሆነው ሳሉ ሕፃናት የሚማሩትን ቋንቋ ለመማር አላፈሩም። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1919 ከበርማ ጨርሰው ተመልሰው በአገራቸው ተቀመጡ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ ለተማሪዎች የሚሆን የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አሳተሙ፤ ነፃ የወጡ ባሮች ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዲቋቋምም ደከሙ። የግል የዕለት ማስታወሻቸውን የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የኋላው ቋንቋ የፊተኛውን አላስጣላቸውም፤ ሁለቱንም ለአገልግሎት አዋሉት።

እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ሊነጋገሩ ወደ አሜሪካ መጡ፤ በኒው ዮርክ ሃርለምም ጥቁር አሜሪካውያንን ጐብኝተው ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋበዙ። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ጨርጨርን ገዙ፤ በ1935ም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። አገር በጠላት ስትያዝ እርሳቸውም ስደተኛ ሆነው ቀሩ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በአዲስ አበባ በደረሰው ጭፍጨፋ መሐንዲሶቹ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ተገደሉ፤ አባት መርዶውን የሰሙት በባዕድ አገር ነው። በ1934 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአሌክሳንድርያ የላንድማርክ የገበያ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ2017 ቢዘጋም፣ ስሙ ባልጠፋበት በዚያ ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ይኖራሉ። አባት ሌሊት ሠርቶ ያድራል፤ እናት ቀን ትውላለች፤ ልጅ ደግሞ በትምህርት ቤትና በሐኪም ቤት የወላጆቹ አስተርጓሚ ይሆናል። በሐኪም ወርቅነህ ቤት በአንድ ቀን ጦርነት የቆመው አስተርጓሚ በእኛ ቤት ቀስ ብሎ፣ ሳይታወቅ ይገባል።

መድኀኒቱ ከሁለት ወገን ነው። ወላጅ የአገሩን ቋንቋ ይማር። ለጐልማሶች የእንግሊዝኛ ትምህርት የሚሰጡ ቦታዎች በአካባቢያችን አሉ፤ በአርሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤትም መጤዎችን ሲረዳ ኖሯል። የሕዝብ ትምህርት ቤቶችም ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለባቸው፤ መሠረቱም እ.ኤ.አ. የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ስለዚህ ወላጅ አስተርጓሚ ሲጠይቅ ምጽዋት እንደሚለምን አይቈጠር፤ መብቱ ነው፤ የዐሥር ዓመት ልጁንም ከማይገባው ሸክም ያሳርፈዋል።

ልጅም በበኩሉ ፊደል ይቍጠር፤ ወላጅም አስተማሪ ጋ አድርሶት ብቻ አይመለስ፣ ከጐኑ ይቀመጥ። አንዱ ሀሁን፣ ሌላው እንግሊዝኛውን በአንድ ገበታ ሲያጠኑ፣ አንዱ የሌላውን ድካም ያያል፤ መከባበርም ከዚያ ይወለዳል። ጊዜው አልፎብኛል የሚል ጐልማሳ ቢኖር፣ ሐኪም ወርቅነህ ይህን ትምህርት ሲጀምሩ የስንት ዓመት ሰው እንደ ነበሩ ያስብ።

የሐኪም ወርቅነህን ነፍስ ይማርልን፤ ለእኛም በቤታችን ያለ አስተርጓሚ የምንነጋገርበትን አንደበት ያድለን።